የአሮጌው ትራክተር ልክ

መስከረም 8 ቀን

ለተወደድህ የወንድሜ ልጅ፣

ይህ ወረቀት ጤናህ የተሟላ፣ እጅህ ከሥራ ያልቦዘነ፣ ልብህም ከእኛ ያልራቀ ሆነህ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፣ ስወርድ ግን ዝም ይላል፤ ስለዚህ እኩል ለእኩል ነን።

ነገሬን ሳላዞር ልጀምር። የባለቤቴ የጋሼህ ማሳ ባለፈው ዓመት ጦሙን ማደሩን ታውቃለህ፤ ምክንያቱንም ስለምታውቅ አልደግመውም። የመስኖ ማኅበሩ ደንብ ግን ምክንያት አይሰማም። ሁለት ወቅት በተከታታይ ሳይታረስ የቀረ መሬት የውሃ ተራውን ያጣል። ውሃው በመጋቢት መጨረሻ ይለቀቃል። እስከዚያ ድረስ አፈሩ ካልተገላበጠ፣ የሚቀረን ምርጫ መሬቱን ከቦዩ ማዶ ላለው ትልቅ እርሻ ማከራየት ብቻ ነው። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ይህን ከእኔ ቀድሞ ሳያሰላው አልቀረም፤ ሰላምታው በየሳምንቱ እየረዘመ መጥቷል።

እኔ ግን አላከራይም። ሽንኩርት እተክልበታለሁ።

ትራክተሩ በመጋዘኑ ውስጥ እንዳለ ነው። የድሮው ማረሻ አፈሩን በትላልቅ ጓል ገልብጦ ስለሚተወው፣ ጓሉን ለመከስከስ ደጋግሞ መመላለስ ያስፈልጋል፤ ያን ያህል መንገጫገጭ ወገቤ አይችለውም። ስለዚህ ሮታቬተር የሚሉትን፣ በሚሽከረከሩ ቢላዎቹ አፈሩን ቆርጦ የሚያደቅቀውን መሣሪያ መርጫለሁ። አንተ እንጀራህን የምትበላው የእርሻ መሣሪያን ከትራክተር ጋር በማዛመድ ነውና፣ የምጠይቅህ ይህን ነው፦ ለዚህ አሮጌ ትራክተር ምን ዓይነት ይስማማዋል? ዋጋው የራሴ ነው፤ ከአንተ የምፈልገው ዕውቀትህን ብቻ ነው።

ማን ሊነዳው ነው ብለህ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

አክስትህ

ባለፈው ደብዳቤህ በሦስተኛው መስመር ላይ ባለቤቱ ብዙ፣ ግሡ ነጠላ ሆነው ተኳርፈው አገኘኋቸው። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርሁ ነኝና፣ አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይሆንልኝም።


መስከረም 29 ቀን

ለውድ እትዬ፣

ከምንም በፊት ሰላምዎ ይብዛ፣ ዕድሜዎ ይርዘም፣ ዓይንዎም እንደ ሁልጊዜው ስሕተቴን ከሩቅ የሚለይ ይሁንልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። አሁንም የምኖረው ከጎማ መሸጫው በላይ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ትራሴ ሳይቀር ጎማ ጎማ ይሸታል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። እዚህ ደንበኞቹ ስሜን ትተው «አማጩ» ነው የሚሉኝ፤ ትራክተርና መሣሪያ ሳጋባ ስለምውል። የሚፋቱትንም ስለማይ፣ የምልዎትን ከልብ ያድምጡኝ።

አንደኛ፣ ጉልበት። የጋሼ ትራክተር ሲወለድ ሠላሳ አምስት ፈረስ ጉልበት ነበረው። ዛሬ ከኋላ ኃይል በሚያወጣው ዘንግ በኩል ሃያ አምስት ከደረሰ ደግ ነው። እንዲህ ላለው ትራክተር ከመቶ አርባ ሴንቲሜትር የሚሰፋ ሮታቬተር መስጠት ሽማግሌን ቁም ሣጥን እንደ ማሸከም ነው። ሁለተኛ፣ የመሣሪያው ስፋት የኋላ ጎማዎቹን ዱካ መሸፈን አለበት፤ ያለዚያ ቢላው ያላላው አፈር አጠገብ ጎማው የረገጠው እንደ ጠጠረ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ሮታቬተር በጣም ዝግ ያለ አካሄድ ይፈልጋል፤ የዚያ ትራክተር አንደኛ ማርሽ ደግሞ ለዚህ ሥራ ይፈጥናል። ፍሪሲዮኑም አንድ ስለሆነ፣ ሲረግጡት ጎማውም ዘንጉም አብረው ነው የሚቆሙት። አዳዲሶቹ እንዲህ ያለ ጉድለት የለባቸውም።

አራተኛ፣ ዘንጉ። ከትራክተሩ ወደ መሣሪያው ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ርዝመቱ ልክ መሆን አለበት። ሽፋን አለው ወይ?

እትዬ፣ እነዚህ ሁሉ ባንድ ላይ አይሟሉም። ለአንድ ሁለት ዓመት ቢያከራዩትስ? መሬቱ የትም አይሄድም። እርስዎም ትንሽ ያርፋሉ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 14 ቀን

ለተወደድህ የወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ያደረሰልኝንም መንገድ ባርኬአለሁ። ጤናህና ሥራህ እንደ ምኞቴ ይሁኑልህ።

ስለ ማከራየቱ ሐሳብህ አመሰግናለሁ፤ አልተቀበልሁትም። መሬቱ የትም አይሄድም ያልኸው እውነት ነው። ውሃው ግን ይሄዳል፤ አንዴ ወደ ማዶ ከሄደም ማንም አይመልሰውም። ማረፍን በተመለከተ፣ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በቂ አርፌያለሁ፤ ከዚህ በላይ ያለው ዕረፍት ሌላ ስም አለው።

የሚያስፈልግህን ልክ ሁሉ ወስጃለሁ። የረዳኝ መካኒኩ ነው፤ አፉ ለአፍታ ስለማያርፍ ሰፈሩ ሁሉ «ዝምተኛው» የሚለው ሰውዬ። በልብስ ሰፊ ሜትር የኋላ ጎማዎቹን ስለካ ቆሞ አየኝና፣ «እትዬ፣ ሱፍ ሊያሰፉለት ነው?» አለኝ።

«ልኩን ሳላውቅ ምን ላልብሰው?» አልሁት።

«በዚህ ዕድሜው ቀሚስ ቢያለብሱትም አይከፋው።»

«ሜትሩን ያዝና ዝም በል።»

«መያዙን እይዛለሁ» አለ። ሁለተኛውን ቃል አልገባም።

ከአንዱ ጎማ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው መቶ ስድሳ ስድስት ሴንቲሜትር ሆነ። አንተ ከመቶ አርባ አይለፉ ስላልኸኝ የሚያዋጣ አልመሰለኝም ነበር። ዝምተኛው ግን የዚህ ዓይነት ትራክተር ቸርኬ በአንድ ወገን ጎድጎድ ያለ በመሆኑ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ገልብጠን ብናስረው ጎማዎቹ ወደ ውስጥ እንደሚሰበሰቡ ነገረኝ። በክሪክ አንሥተን ገለበጥናቸው። አሁን መቶ ሠላሳ ስምንት ነው። መቶ አርባ የሚሰፋ ሮታቬተር ዱካውን ይሸፍናል ማለት ነው፤ ከአንተ አራት ጥያቄዎች ሁለቱ መልስ አገኙ። ማርሹ ስለ መፍጠኑ መላ እፈልግለታለሁ። ለዘንጉ የሚያስፈልግህን ርቀት ሁሉ በተያያዘው ሥዕል ላይ አስፍሬአለሁ፤ እያንዳንዱን ቁጥር እኔ ጮክ ብዬ ሳነብ ዝምተኛው ከሜትሩ ጋር አመሳክሯል። በማተሚያ ቤት የምንሠራው እንዲህ ነበር፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይከታተላል፣ ማንም በራሱ ዓይን ብቻ አይታመንም።

ስለ ሽፋኑ ጠይቀኸኛል። የለውም። ነበረው፤ ጋሼህ ዘንጉን ቅባት ለማጠጣት ያስቸግረኛል ብሎ አውልቆት ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መቶ አርባ ሴንቲሜትር። ዋጋውን በባንክ በኩል ልኬልሃለሁ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 21 ቀን

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ። ጤናዬ ደኅና ነው። ለመጻፍ ስለዘገየሁ አይቀየሙኝ፤ ሰሞኑን ሥራው ከአቅም በላይ ነው።

ሮታቬተሩን ልኬዋለሁ። በመርከብ ስለሆነ በጥር መጨረሻ ወይም ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ይደርስዎታል። ዘንጉንም ሽፋኑንም አብሬ አስሬዋለሁ። ዕቃው ደኅና ነው፤ በገበያ ላይ የተገኘው ይኼ ነው። ምናልባት ትራክተሩ ከከበደው አያስገድዱት። ሁሉም ነገር የግድ መሆን የለበትም።

ብርዱ ጠንክሯል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 17 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ዛሬ ምርቃቴን ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ አዛውሬዋለሁ፤ ደብዳቤውን ጨርሼ ይገባህ አይገባህ እወስናለሁ።

ዕቃው ደርሷል። ከጭነት መኪናው ለማውረድ ሰፈሩ ሁሉ ተጠራ። ማሸጊያው ሲፈታ ዝምተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን መሰለ። ሜትሬን ዘረጋሁ። መቶ ሰማንያ ሴንቲሜትር። እንደገና ለካሁ፤ ብረት በመለካት ብዛት አያጥርም።

ቢሆንም ገጠምነው። ዝምተኛው ከመቀመጫው ላይ ወጥቶ መሣሪያውን ከመሬት ሊያነሣው ሲሞክር የፊት ጎማዎቹ ብድግ አሉ፤ ትራክተሩ እንደ ደነበረ ፈረስ በኋላ እግሩ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ዝቅ አድርጎ ቢላዎቹን ወደ አፈሩ ሲያስገባ ደግሞ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አቃስቶ ጠፋ። በዚህ መካከል ሥራ አስኪያጁ የቦዩን ድልድይ ተሻግሮ መጣ። ይህን የመሰለ ትዕይንት እንደማያመልጠው አውቅ ነበር።

«እትዬ፣ ለምን ይደክማሉ?» አለኝ። «ይኼን አሮጌ ብረት ለቁርጥራጭ ገዢ ይስጡትና ይገላገሉ። ደግሞስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ጉድ የሠራ ትራክተር እንዴት ደጅዎ ላይ ያቆማሉ?»

«ደጄ ላይ ሳይሆን ማሳዬ ላይ ነው ያቆምሁት» አልሁት። «አንተም የቆምኸው እዚያው ነው።»

«ለእርስዎ አስቤ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ሰሞኑን ለእኔ የሚያስብ በዝቷል።»

እሱ ከሄደ በኋላ ዘንጉን ተመለከትሁ። የወንድሜ ልጅ፣ አሁን በደንብ አንብበኝ። ዘንጉ ልክ ነበር። በላክሁልህ ሥዕል መሠረት ተቆርጦ፣ ጠርዙ በሞረድ ተስተካክሎ፣ ቅባቱ ተቀብቶ፣ ያለ አንዳች ትግል ገባ። ሽፋኑም ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ፣ እንዳይዞር በሁለት ሰንሰለት የሚታሰር፣ እኔ ያልጠየቅሁህ ምርጥ ሽፋን ነው። ሥዕሌን እያየህ ዘንግ በዚህ ጥንቃቄ የቆረጠ ሰው፣ በዚያው ሥዕል ራስጌ በትልቁ የተጻፈውን መቶ አርባ ሳያነብ አይቀርም። አማጩ ብለው የሚጠሩት ሰው ሽማግሌውን ቁም ሣጥን በስሕተት አያሸክምም።

ስለዚህ ይህ ስሕተት አይደለም። ስሕተት ማረም ሥራዬ ነበር፤ ስሕተት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስሕተት እንዲህ እየመረጠ አይወድቅም።

ለምን አደረግኸው? ገበያውንና መርከቡን ትተህ እውነቱን ጻፍልኝ። ውሃው ሊለቀቅ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል።

ምርቃቱን ለጊዜው ይዤዋለሁ።

አክስትህ


መጋቢት 6 ቀን

ለእትዬ፣

ሰላምዎ ይብዛ። አዎ፤ አውቄ ነው ያደረግኩት።

መቶ አርባውም ነበረ። ከመቶ ሰማንያው አጠገብ ቆሞ ነበር። ሁለቱንም በእጄ ዳስሼ ትልቁን አስጫንኩት። ትራክተሩ እንዳያነሣው፣ ሞተሩም እንዳይሸከመው አስቤ ነው። ተስፋ ቆርጠው መሬቱን እንዲያከራዩት፣ ሽንኩርቱንም ከገበያ እንዲገዙት ፈለግኩ። ማሽኑ እንዲያሸንፍዎ እንጂ እንዲጎዳዎ ግን አልፈለግኩም። ዘንጉን በልኩ የቆረጥኩት ለዚህ ነው። የሚረዝም ዘንግ ይሰብራል፣ የሚያጥር ተፈናጥሮ ይወጣል። እዚያ ላይ መዋሸት እጄ እምቢ አለኝ።

እውነቱን ጻፍልኝ ስላሉኝ የማንጽፈውን ልጻፈው። ጋሼ ኮቱ በዘንጉ ተይዞ የሞተ ጊዜ ስልክ የደረሰኝ ዘንግ እየቆረጥኩ ነው። ስልኩን ዘግቼ የጀመርኩትን ጨርሼ ቆረጥኩት፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ከዚያ ወዲህ በቀን ስንት ዘንግ በእጄ እንደሚያልፍ እርስዎ አያውቁም። ሽፋን የሌለው ሲመጣብኝ ከባለቤቱ ጋር እጣላለሁ። ሁለት ደንበኛ አባርሬአለሁ፤ አሠሪዬም አኩርፎኛል። እርስዎ ደግሞ እዚያው ትራክተር ላይ፣ እዚያው ማሳ ውስጥ፣ በዚያ ጉልበት።

አልጸጸትም፣ እትዬ። ነገም ቢሆን ትልቁን ነው የምጭነው። ቁጣዎን እችለዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ለምጄዋለሁ። ያንን ስልክ ግን ሁለተኛ አላነሣም።

ምርቃቱን ከፈለጉ ይያዙት።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 3 ቀን

ለተወደድህ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንተ፣ ለተከራየሃት ክፍል፣ ካኮረፈህ አሠሪህም ጋር ላለህ ነገር ሁሉ ይሁን። ይህ ወረቀት እንቅልፍህ የተስተካከለ ሆኖ ያግኝህ።

ደብዳቤህን አንብቤ አልተቆጣሁም። ስትቆጣህ የለመድኻትን አክስትህን ለዛሬ አሳርፌአታለሁ። እውነቱን ጽፈሃልና እኔም እውነቱን እጽፍልሃለሁ፤ ግን እንድትረዳኝ እንጂ እንድትፈቅድልኝ አይደለም።

መሬቱ ታርሷል።

ዝምተኛውና እኔ ሮታቬተሩን ገልብጠን ቢላዎቹን ተመለከትን። በዘጠኝ ቀለበቶች ላይ ስድስት ስድስት ሆነው የታሰሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀለበት ሃያ ሴንቲሜትር ይይዛል። ከግራም ከቀኝም የመጨረሻውን ቀለበት ቢላዎች ፈታናቸው። ቡሎኖቹ አንገራገሩ፤ እኛም አንገራገርን። ሲያበቃ የሚያርሰው ስፋት መቶ አርባ ሆነ። ቀፎው አሁንም ሰፊ ስለሆነ ትራክተሩ የአባቱን ባርኔጣ የደፋ ሕፃን መስሏል፤ ግን አፈሩን የሚቆርጠው ቢላ እንጂ ባርኔጣው አይደለም።

ክብደቱ ግን አልቀነሰም፤ ፊቱ ብድግ ማለቱን አልተወም። ማተሚያ ቤቱ የእርሳስ ፊደሎቹን ሲጥል እኔ ስድስት ሣጥን ይዤ እንደ ወጣሁ ታስታውሳለህ፤ ጋሼህ የቤቱ ወለል ይሰምጣል እያለ ያፌዝብኝ ነበር። ስድስቱንም ከትራክተሩ ግንባር ላይ በብረት አሠርናቸው። ዝምተኛው ዙሪያውን ዞሮ አየና፣ «እንግዲህ ይኼ ትራክተር ካልተማረ ማንም አይማርም» አለ። ፊቱ ከዚያ በኋላ ከመሬት አልተነሣም።

ለማርሹ መላው ትዕግሥት ሆነ። አንደኛው ማርሽ ጥልቅ ለማረስ ስለሚፈጥን፣ መጀመሪያ ከላይ ከላይ ብቻ ላጥሁት፤ ላላ ሲል ሁለተኛ ተመልሼ አጠለቅሁት። ፍሪሲዮኑ አንድ መሆኑን ጉድለት ብለኸዋል። እኔ ወድጄዋለሁ። እግሬን ስረግጥ ሁሉም ነገር አብሮ ይቆማል፤ ሌላ ምን ልፈልግ?

አሁን የማንጽፈው ወዳልኸው ልምጣ። ሽፋኑን በሁለቱም ሰንሰለት አስሬዋለሁ፤ ማሳ ከመግባቴ በፊት በየቀኑ ጎትቼ እፈትነዋለሁ። ኮት፣ ሻሽ፣ ነጠላ፣ የሚወዛወዝ ማንኛውም ነገር በትራክተሩ አጠገብ አይደርስም። የጋሼህን የሥራ ቱታ በልኬ አጥብቤ ሰፍቼዋለሁ። ሞተሩ እየሠራ ከመቀመጫዬ አልወርድም፤ ሲቃወስ፣ ሲጮህ፣ ድንጋይ ሲነክስ፣ አጠፋለሁ እንጂ አልወርድም። ዝምተኛው እንኳ አንድ ጊዜ በቀረበ ጊዜ እንዴት እንደ ጮኽሁበት እሱ ይንገርህ፤ መናገር አያስቸግረውም።

ሥራ አስኪያጁ ያን ጉድ የሠራ ትራክተር ሲለኝ መልስ አልሰጠሁትም ነበር። መልሱን ለአንተ እሰጣለሁ። ይህን ትራክተር ለቁርጥራጭ ብሸጠው፣ ወይም በመጋዘኑ ውስጥ ዝጎ እንዲያልቅ ብተወው፣ በዚህ ምድር ላይ የሠራው የመጨረሻ ሥራ ያ ሆኖ ይቀራል። ጋሼህ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ከእሱ ጋር ሠርቶ፣ ይህን ቤት ሠርቶ፣ አንተንም አሳድጎበት፣ ሰዎች ስሙን ሲያነሡ የሚያስታውሱት ያን አንድ ጧት ብቻ ይሆናል። ይህን አልፈቅድም። ለእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ይታተም የሚል ፈቃድ ፈርሜ አላውቅም፣ ዛሬም አልፈርምም። ከእንግዲህ ያ ትራክተር የመጨረሻ ሥራው ምን ነበር የሚል ቢኖር፣ ሽንኩርት ነው።

የመስኖ ማኅበሩ ውሃ ከፋፋይ በመጋቢት የመጨረሻ ሳምንት መጥቶ በማሳው መካከል በትሩን ተከለ። ስንዝር ያህል ገባለት። «ማን አረሰው?» አለኝ።

«እኔ።»

ትራክተሩን አየ፣ የእርሳስ ሣጥኖቹን አየ፣ ቱታዬን አየ። «ውሃዎ ሰኞ ይደርሳል» አለና ሄደ። ሰኞ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ከቦዩ ማዶ ሆኖ ሰላም አለኝ፤ ሰላምታው ወደ ድሮው ልኩ አጥሯል።

አንተን በተመለከተ፣ የያዝሁትን ምርቃት ልኬልሃለሁ፦ እጅህ ይባረክ፤ ዘንጉን ሲቆርጥ ለመዋሸት እምቢ ያለው እጅህ። የቀረውን ግን አልባርከውም። ስትፈራልኝ ፍርሃትህን ጻፍልኝ እንጂ ብረት አትጫንልኝ። ፍርሃትህን አነበዋለሁ፣ መልስም እሰጥበታለሁ፤ ቆርጠህ እንድትወስንልኝ ግን አልፈቀድሁልህም። ያ ስልክ እንደሚያስፈራህ አውቃለሁ። እኔም እዚያው ነበርሁ፤ እኔ በስልክ አልሰማሁትም።

መጥተህ ማየት ከፈለግህ ና። ግን ሞተሩ እየሠራ ወደ እኔ አትቅረብ፤ ደንቤ ለማንም አይላላም። የያዝሁትን መስመር እጨርሳለሁ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ ዘንጉ መቆሙን በዓይኔ አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ እወርዳለሁ። እስከዚያ ድረስ ከማሳው ዳር ቆመህ ትጠብቀኛለህ።

አክስትህ